የአበባ ሰም አሠራር፦ ቅንብሩን ማወቅ፣ ባሕርይውን መለካት፣ ለቅባት ማዋል

የአበባ ሰም ገዝተው ቅባት፣ ጠጣር ሽቶ ወይም ሻማ የሚሠሩ ሰዎች ችግራቸው ተመሳሳይ ነው። ባለፈው ወር በደንብ የወጣው ምጣኔ በአዲስ የመጣ ሰም ሲሠራ ወይ ይለሰልሳል ወይ ይሰነጠቃል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሠሪው አይደለም። የአበባ ሰም የብዙ ውህዶች ድብልቅ ነው፤ ድብልቁም እንደ አበባው ዓይነት፣ እንደ ለቀማው ወቅትና እንደ ፋብሪካው አሠራር ይለያያል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመለካት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ሙቀቶች በሙሉ በሴልሺየስ ናቸው።

ሰሙ ከየት ይመጣል

እንደ ጃስሚን ያለ ስስ አበባ በእንፋሎት ቢወጣ ሙቀቱ መዓዛውን ያበላሸዋል። ስለዚህ ፋብሪካዎች አበባውን ሄክሴን በሚባል፣ ሰምና መዓዛ በሚያሟሟ ፈሳሽ ያጥቡታል። ሄክሴኑ በዝቅተኛ ግፊት ተኖ ሲወጣ ኮንክሪት የሚባል፣ ሰም የበዛበት ወፍራም ነገር ይቀራል። ኮንክሪቱ በሞቀ ኢታኖል ከተሟሟ በኋላ ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 20 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል። መዓዛው ኢታኖሉ ውስጥ ሲቀር ሰሙ ረግቶ በማጣሪያ ይያዛል። ኢታኖሉ ሲተን የሚገኘው አብሶሉት ወደ ሽቶ ሥራ ይሄዳል፤ ማጣሪያው ላይ የቀረው የአበባ ሰም ነው።

ከ1,000 ኪሎ የደማስቆ ጽጌረዳ አበባ የሚገኘው ኮንክሪት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ያህል ነው፤ ከዚያም ግማሽ የሚጠጋው ሰም ይሆናል። ጃስሚንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ ኪሎ ጃስሚን ለመሙላት ከ8,000 እስከ 10,000 የሚደርሱ አበቦች በእጅ፣ ያውም ማለዳ መለቀም አለባቸው። ሚሞዛ የሚባለው አበባ ኮንክሪት ግን ሦስት አራተኛው ያህል ሰም ስለሆነ የሚሞዛ ሰም በገበያ ላይ በብዛት ይገኛል። የጽጌረዳው ሰም በዋናነት ከቡልጋሪያው ካዛንላክ ሸለቆና ከቱርኩ ኢስፓርታ፣ የጃስሚኑ ደግሞ ከግብፅ የናይል ደልታና ከሕንዱ ታሚል ናዱ ይመጣል። የፈረንሳይዋ ግራስ የሽቶ ሥራ ጥበብ በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ የአብሶሉት አወጣጥ ሥርዓትም በዚያው አካባቢ የዳበረ ነው።

በኢትዮጵያ በዱር የሚበቅለው ጠምበለል የሽቶው ጃስሚን የቅርብ ዘመድ ነው። በዝዋይና በሆለታ የሚለማው ጽጌረዳ ግን ለሽቶ የሚሆን አይደለም። የተዳቀለው በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ስለሆነ መዓዛው አነስተኛ ነው። ከዚያም በላይ ብዙዎቹ የተባይ መድኃኒቶች ቅባት ወዳድ ናቸው፤ አበባው በሄክሴን ቢታጠብ ከሰሙ ጋር ተከማችተው ይወጣሉ። ከእርሻ የተጣለ ጽጌረዳን ወደ ሰም እንለውጥ የሚለው ሐሳብ በዚህ ምክንያት ቆዳ ላይ ለሚቀባ ምርት አይሠራም።

ሄክሴንን ቤት ውስጥ አይሞክሩ። ከዜሮ በታች በ22 ዲግሪ እንኳ በብልጭታ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ ራቅ ያለ ምድጃ ላይ ይደርሳል። ለረጅም ጊዜ ከተነፈሱት ደግሞ የእጅና የእግር ነርቮችን ይጎዳል። የተዘጋጀ ሰም መግዛት ብቸኛው ጤናማ መንገድ ነው።

ውስጡ ምን አለ

ትልቁ ክፍል ሃይድሮካርቦን ነው፤ ማለትም ቀጥ ብለው የተደረደሩ ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች፣ አልኬኖች። የካርቦኖቹ ቁጥር በአብዛኛው ጎዶሎ ነው፦ 17፣ 19፣ 21፣ 23፣ 25፣ 27፣ 29፣ 31። ተክሉ መጀመሪያ የሚሠራው የካርቦን ቁጥሩ ሙሉ (ለሁለት የሚካፈል) የሆነ የቅባት አሲድ ነው፤ ወደ አልኬን ሲለውጠው ከጫፉ አንድ ካርቦን ይቀንሳል። ይህን ልብ ይበሉ፤ ኋላ ላይ የተጭበረበረ ሰም ለመለየት ይጠቅማል።

ከአልኬኖቹ ቀጥሎ ኤስተሮች አሉ፤ እነዚህ ረጅም የቅባት አሲድና ረጅም አልኮል የተጣመሩባቸው ናቸው። ያልተጣመሩ የቅባት አሲዶች፣ ነጻ አልኮሎች፣ ስቴሮሎችና ትራይተርፒኖችም ይገኛሉ። በጃስሚን ውስጥ ፋይቶል፣ አይሶፋይቶልና ስኳሊን ይጨመራሉ። ካሮቲኖይድና የክሎሮፊል ቅሪት ቀለም ይሰጡታል። በመጨረሻም ኢታኖሉ ያልወሰደው ጥቂት መዓዛ አለ፤ ሰሙን ከፔትሮሊየም ከሚወጣው ሰም፣ ከፓራፊን፣ የሚያስወድደውም ይኸው ነው።

የመቅለጫ ነጥቡን የሚወስነው በዋናነት የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ባለ 17 ካርቦኑ አልኬን በ22 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ባለ 19ኙ በ32፣ ባለ 21ዱ በ40 ገደማ፣ ባለ 23ቱ በ48፣ ባለ 25ቱ በ54፣ ባለ 27ቱ በ59፣ ባለ 29ኙ በ64፣ ባለ 31ዱ በ68 ገደማ። በእንፋሎት የወጣ የጽጌረዳ ዘይት 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ክሪስታል የሚሠራው እንፋሎቱ አጫጭሮቹን አልኬኖች አብሮ ስለሚወስድ ነው። ሄክሴን ግን ረጃጅሞቹንም ጠራርጎ ያወጣል። ስለዚህ ከኮንክሪት የተለየ የአበባ ሰም ጠንከር ይላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀልጠው ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ክልል ነው። ጥቂት አጫጭር ሰንሰለቶች በጨመረ ቁጥር ግን ሰሙ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃልም።

ሰሙ ሲደርስ የሚደረግ ምርመራ

1. ከጥቅሉ ላይ፣ ከመካከሉና ከታቹ ጥቂት ጥቂት ወስደው በድምሩ 50 ግራም ይሰብስቡ። ሰሙ ፋብሪካ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲረጋ ጠንካራው ክፍል ቀድሞ ይረጋል፤ ከአንድ ቦታ ብቻ የተወሰደ ናሙና ሙሉውን ጥቅል አይወክልም።

2. ናሙናውን ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ በተቀመጠ የብርጭቆ ዕቃ በ75 ዲግሪ አቅልጠው ያማስሉ። ከቀለጠ በኋላ ከታች ውሃ ወይም ዝቃጭ መኖሩን ይዩ። ዝቃጭ ካለ በቀጭን ናይለን ጨርቅ፣ ዕቃውንም ጨርቁንም አሙቀው ያጥሩ፤ በቀዝቃዛ ጨርቅ ላይ ሰሙ ረግቶ ይዘጋዋል።

3. ያሽትቱ። የቀለጠ የጃስሚን ሰም የሚሸተው ሻይና ማር መሰል፣ ከበድ ያለ ነው። የቤንዚን ሽታ ካለው ሄክሴን ቀርቶበታል፤ ለቆዳም ለሻማም አይጠቀሙበት፣ ይመልሱት። አየር ላይ አቆይቶ አስተናለሁ ማለት አያዋጣም፤ ሰሙ ሲረጋ ሄክሴኑን ውስጡ ይይዘዋል።

4. በትክክል 5 ግራም በጠፍጣፋ የብርጭቆ ሰሃን መዝነው፣ በ80 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አቆይተው እንደገና ይመዝኑ። 0.05 ግራም ከቀነሰ 1 በመቶ አጥቷል ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ከጠፋ ውሃ ወይም ኢታኖል ቀርቷል፤ ከፊሉ መዓዛው ራሱ ሊሆንም ይችላል። ከላይ የጠቀስነው የቤንዚን ሽታ ከሌለው ሙሉውን ሰም በዝግታ አሙቆ ማድረቅ ይቻላል።

የመቅለጫ ነጥብ፦ የሥራው ዋና ልኬት

ከሁሉም ፈተናዎች አንዱን ብቻ መሥራት ቢቻል ይህኛው ይሁን። የሚያስፈልገው በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ፣ የውስጥ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ፣ ቴርሞሜትር፣ ትንሽ የጎማ ቀለበትና ውሃ የሚይዝ ብርጭቆ ነው።

ቴርሞሜትሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። በረዶና ውሃ ተቀላቅሎ 0 ማሳየት አለበት። የፈላ ውሃን መለኪያ የሚያደርግ ሰው ግን የቦታውን ከፍታ ያስብ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 100 አላሳየም ብሎ ጤነኛ ቴርሞሜትር ማስተካከል ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ልኬት ሁሉ በ8 ዲግሪ ያዛባል።

የቱቦውን ጫፍ የቀለጠው ሰም ውስጥ ነክረው 10 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲወጣበት ያድርጉ። ከዚያ ቱቦውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ለ24 ሰዓት ይተዉት። ይህን ቆይታ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ግን አሁን የረጋ ሰም ክሪስታሎቹ ገና ስላልተደላደሉ ከትክክለኛው ነጥብ በታች ሊቀልጥ ይችላል። በማግስቱ ቱቦውን ከቴርሞሜትሩ ጋር በጎማ ያስሩ፤ የሰሙ ዓምድ ከቴርሞሜትሩ አምፖል ጎን ይሁን፣ ከውሃው ወለልም ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ውሃውን እያማሰሉ መጀመሪያ በደቂቃ 2 ዲግሪ፣ ከ45 በኋላ በደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ብቻ እንዲጨምር ያሙቁ። ሰሙ ቀልጦ በውሃው ግፊት ቱቦው ውስጥ ሽቅብ የተንሸራተተበት ሙቀት መቅለጫ ነጥቡ ነው። በሦስት ቱቦ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ፤ በመካከላቸው ከ1 ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ ወይ አሞቃቁ ፈጥኗል ወይ ናሙናው በደንብ አልተማሰለም።

ሰሙ ከመንሸራተቱ በፊት ብዙ ዲግሪ ቀደም ብሎ ሲለሰልስ ቢታይ አይደንግጡ፤ ድብልቅ ነገር በአንድ ጊዜ አይቀልጥም። ለንጽጽር ያህል የንብ ሰም ከ62 እስከ 65፣ ከተክል የሚገኙት ሰሞች ካንደሊላ ከ68 እስከ 73፣ ካርኑባ ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ይቀልጣሉ።

አሲድነትና ማጭበርበር

የአሲድ ቁጥር ማለት 1 ግራም ሰም ውስጥ ያለውን ነጻ አሲድ ለማርከስ የሚያስፈልገው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በሚሊ ግራም ነው። 3 ግራም ሰም በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ መዝነው ዛይሊን ከሚባለው ሰም አሟሚ ፈሳሽ 30 ሚሊ ሊትርና አሲድነቱ አስቀድሞ እንዲጠፋ የተደረገ 30 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ይጨምሩ። ኢታኖል ብቻውን በቂ አይደለም፤ አልኬኖቹን ስለማያሟሟ ሰሙ ይንሳፈፋል፣ ውስጡ የታሰረው አሲድም አይቆጠርም። ነበልባል በሌለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ፣ ጭስ በሚስብ ቦታ፣ እስኪጠራ አሙቀው አሲዱ ሲያልቅ ሮዝ ከሚሆነው ቀለም ጠቋሚ፣ ከፊኖልፍታሊን፣ ጥቂት ጠብታ ይጨምሩ፤ ከዚያ በ0.1 ኖርማል የኢታኖል ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በቢዩሬት (መጠን በተጻፈበት ማንጠባጠቢያ ቱቦ) ያንጠባጥቡ። ሮዝ ቀለሙ 10 ሰከንድ ሲቆይ ያቁሙ። የሰሙ ቀለም ጠቆር ያለ ከሆነ ሮዙ አይታይም፤ አልካሊ ብሉ የሚባለውን ሌላ ቀለም ጠቋሚ ይጠቀሙ ወይም ኤሌክትሮድ ይክተቱ። መሃል ላይ ከደፈረሰ ሰሙ ቀዝቅዞ እየረጋ ነውና እንደገና ያሙቁ።

ስሌቱ፦ የፈሰሰው ሚሊ ሊትር × ኖርማሊቲው × 56.1 ÷ የሰሙ ግራም። ለምሳሌ 5.4 ሚሊ ሊትር ቢፈስ፣ 5.4 × 0.1 × 56.1 ÷ 3 = 10.1 ይሆናል።

ቁጥሩን ብቻውን አይፍረዱት፤ ከዚያው አቅራቢ ካለፈው ጥቅል ጋር ያነጻጽሩት። በግልጽ ከጨመረ ሁለት ነገር ይጠርጠሩ። አንዱ እርጅና ነው፤ ኤስተሮቹ ከእርጥበት ጋር ተሰነጣጥቀው አሲድ ለቀዋል። ሌላው ለማጠንከሪያ የተጨመረ ስቴሪክ አሲድ ነው፤ የእርሱ የአሲድ ቁጥር 197 ስለሆነ 5 በመቶ ብቻ ቢገባ የድብልቁን ቁጥር ወደ 10 ያህል ከፍ ያደርገዋል።

ፓራፊን ሲጨመር ግን ነገሩ ይከብዳል። ለንብ ሰም የሳፖኒፊኬሽን ቁጥር፣ ማለትም 1 ግራም ሰም ውስጥ ያሉትን አሲዶችና ኤስተሮች ወደ ሳሙና ለመለወጥ የሚያስፈልገው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በሚሊ ግራም፣ ጥሩ ጠቋሚ ነው፤ ንጹሕ የንብ ሰም ከ87 እስከ 104 ይሰጣል፣ ሃይድሮካርቦን ግን ምንም አይሰጥም፣ ስለዚህ ቁጥሩ ሲወርድ ፓራፊን ገብቷል ማለት ይቻላል። ይህን የንብ ሰም መለኪያ በአበባ ሰም ላይ መጫን ስሕተት ነው። የአበባ ሰም በተፈጥሮው ሃይድሮካርቦን የበዛበት ስለሆነ ፍጹም ንጹሑም "ፓራፊን አለበት" ተብሎ ሊወድቅ ይችላል። እርግጠኛው መንገድ ናሙናውን ጋዝ ክሮማቶግራፊ (ድብልቁን ወደ ውህዶቹ ለይቶ በግራፍ የሚያሳይ መሣሪያ) ያለው ላቦራቶሪ ማስመርመር ነው። የተክል ሰም ጎዶሎ ካርቦን ያላቸውን አልኬኖች ከፍ ከፍ ያሉ ጫፎች አድርጎ ያሳያል፤ የፔትሮሊየም ፓራፊን ግን ሙሉውንም ጎዶሎውንም በተቀራረበ መጠን ስለሚይዝ ግራፉ ለስላሳ ኮረብታ ይሠራል። ውድ የጃስሚን ሰም በብዛት የሚገዛ ሰው የዚህን ግራፍ ቅጂ ከአቅራቢው ቢጠይቅ መብቱ ነው።

የአበባ ሰም እፍጋት ከውሃ በታች፣ ከኢታኖል በላይ ነው። ትንሽ የሰም ፍሬ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ በ96 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ካልሰጠመ ውስጡ አየር አለ ማለት ነው፤ አቅልጠው እንደገና ያርጉት።

100 ግራም ቅባት አሠራር

የሚያስፈልገው፦ 15 ግራም የንብ ሰም፣ 8 ግራም የጃስሚን ሰም፣ 65 ግራም የጆጆባ ዘይት፣ 11.5 ግራም የሺያ ቅቤ፣ 0.5 ግራም ቫይታሚን ኢ።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር። ጆጆባ የተመረጠው ራሱ ፈሳሽ የሰም ኤስተር ስለሆነ ነው፤ ከአበባ ሰም ጋር ይስማማል፣ ቶሎም አይበላሽም። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ፈጥኖ ይሸታል፤ ያ ሽታ የጃስሚኑን ይውጠዋል። የጉሎ ዘይት ደግሞ ከሃይድሮካርቦን ጋር በደንብ አይዋሐድም፤ ብቻውን ከገባ ቅባቱ ከቀናት በኋላ ያልባል። ለማብረቅ የሚፈልግ ከጆጆባው 10 ግራም ብቻ በጉሎ ይተካ።

የንብ ሰሙ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ የተነጠረ ከሆነ መጀመሪያ ይጽዳ። በማይዝግ ብረት ወይም በኢናሜል ድስት፣ ሰፈፉ ከሚሰፈርበት እኩል ውሃ ጨምረው አቅልጠው ያጥሩና ሳይነካ እንዲረጋ ይተዉት፤ ከበታቹ የሚቀረውን ዝቃጭ በቢላ ይፋቁ። የጌሾው ሽታ እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ብረት፣ መዳብና ናስ ሰሙን ያጠቁራሉ። ድንጋያማ የጉድጓድ ውሃም አይመከርም፤ ካልሲየሙ ከሰሙ አሲዶች ጋር ሳሙና ሠርቶ ሰሙና ውሃው እንዳይለያዩ ያደርጋል። የዝናብ ውሃ ይሻላል።

ከዚያ፦

1. የንብ ሰሙን ድስት በድስት አድርገው በ75 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ ያቅልጡ። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱ።

2. ጆጆባውን በተለየ ዕቃ እስከ 60 ዲግሪ አሙቀው ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ቀዝቃዛ ዘይት በአንድ ጊዜ ከገባ ሰሙ በጉብታ ይረጋል።

3. ሙቀቱ ወደ 70 ሲመለስ የጃስሚን ሰሙን ይጨምሩ። መጨረሻ ላይ የሚገባው መዓዛው በሙቀት ላይ የሚቆይበት ጊዜ እንዲያጥር ነው። የሺያ ቅቤውን አብረው ጨምረው 10 ደቂቃ ያቆዩ፤ የሺያ ቅቤ ሙሉ በሙሉ ካልቀለጠ ኋላ ላይ አሸዋ መሰል ፍሬ ያወጣል።

4. ማንኪያ አስቀድመው በማቀዝቀዣ አቀዝቅዘው አንድ ጠብታ ያርጉበትና በጣት ይሞክሩ። ለሰለሰ ከሆነ 2 ግራም የንብ ሰም፣ ደረቀ ከሆነ 4 ግራም ዘይት ይጨምሩ። የማረም ጊዜው ይህ ነው፤ ከተገለበጠ በኋላ ማረም ማለት እንደገና ማሞቅና መዓዛ ማጣት ነው።

5. 60 ዲግሪ ሲደርስ ቫይታሚን ኢውን ጨምረው ያማስሉ፣ በ58 ወደ ደረቁ ጣሳዎች ይገልብጡ። ከ50 በታች ከተገለበጠ ንብርብር ይሠራል።

6. በክፍል ሙቀት ለ15 ደቂቃ ያቆዩ፣ ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣ ያስገቡ። ሙቀቱ ሰሙ ከሚረጋበት ነጥብ በታች በፍጥነት ሲወርድ የሺያው ክሪስታሎች አያድጉም።

የጽጌረዳ ሰም ከተጠቀሙ ይበልጥ ስለሚለሰልስ የንብ ሰሙን 17፣ ጆጆባውን 63 ያድርጉ። አዲስ ጥቅል ሲመጣ መቅለጫ ነጥቡ ከቀድሞው በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ከወረደ ከ1 እስከ 2 ግራም ከዘይቱ ወደ ንብ ሰሙ ማዛወር ጥሩ መነሻ ነው፤ የማንኪያው ሙከራ የቀረውን ይነግራል። ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት በክንድ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ በሰሙ ውስጥ የሚቀረው መዓዛ አለርጂ የሚያስነሱ ውህዶችን ይይዛል።

የሚበላሽበት መንገድ

ላዩ ላይ የዘይት ጠብታ ካወጣ ዘይቱ ከሰሙ በዝቷል ወይም ጉሎ አለበት። መሃሉ ከጎደጎደ ሰም ሲረጋ ስለሚጨማደድ ነው፤ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛውን አስቀርተው ላዩ ሲረጋ ይሙሉት። ፍሬ ፍሬ ካለ እስከ 75 አቅልጠው በፍጥነት ያቀዝቅዙ። ነጭ ብናኝ ላዩን ከሸፈነው ብዙውን ጊዜ አጫጭር አልኬኖች ወደ ላይ ወጥተው ነው፤ ጉዳት የለውም፣ በሞቀ አየር ይጠፋል።

ለሻማ ሲሆን የአበባ ሰሙ ከ5 በመቶ አይብለጥ። ሙጫ መሰል ክፍሎቹ ክሩን እየደፈኑ ነበልባሉን ያሳንሱታል፣ ጭስም ያበዛሉ።

ወደ ዱባይ ወይም ወደ ሪያድ የሚላክ ቅባት በበጋ መኪና ውስጥ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ለዚያ ገበያ ከጆጆባው ላይ 5 ግራም ቀንሰው በካንደሊላ ይተኩ፣ ካንደሊላውንም ከንብ ሰሙ ጋር መጀመሪያ በ80 ዲግሪ ያቅልጡ። አንዱን ጣሳ በ50 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አስቀምጠው ቅርጹን ከያዘ ይላኩት።

የተረፈው ሰም ብርሃን በማያስገባ፣ በተከደነ ዕቃ፣ ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ፤ የጥቅሉ ቁጥር፣ የተለካው መቅለጫ ነጥብና ቀኑ ክዳኑ ላይ ይጻፍ። ዕቃዎቹን ገና ትኩስ ሳሉ በወረቀት ይጥረጉ፤ የቀለጠ ሰም ወደ ማጠቢያ ገንዳ ከፈሰሰ ቱቦው ውስጥ ረግቶ ይደፍነዋል።